የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው፦ «የምሠራው ባንክ ውስጥ ነው፤ ወንበሮቻችን የተጠጋጉ ናቸው። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ጠንካራ ሽቶ ራሷን ያማታል። በዚህ ምክንያት ቀለል ያለና ለዘወትር የሚሆን የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ ገዛሁ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ደስ ይላል፤ ቢሮ ገብቼ ትንሽ እንደቆየሁ ግን የለም። ፎርጅድ ይሆን የሸጡልኝ? ወይስ አጠቃቀሜ ነው? የሻይ ቅጠል በአልኮል ዘፍዝፌ ራሴ ብሠራውስ?»

ምላሽ፦ ሽቶው ፎርጅድ ነው ብለው ከመደምደምዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። «ጠፋ» የምንለው ሽቶ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው በእርግጥ ከቆዳ ላይ ተንኖ ማለቅ ነው። ሁለተኛው ጠረኑ እዚያው እያለ አፍንጫዎ ስለለመደው አለመሽተቱ ነው። የሁለቱ መፍትሔ ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያው ከሆነ መጨመር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛው ከሆነ ግን መጨመር ማለት እርስዎ ሳይታወቅዎት ባልደረባዎን ማሳመም ማለት ነው።

ለመለየት አንድ የእረፍት ቀን ይበቃል። አንድ ጊዜ በግራ ክንድዎ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ይርጩ። ጨርቁን ሌላ ክፍል ያስቀምጡት። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ውጭ ወጥተው አሥር ደቂቃ አየር ይውሰዱና ተመልሰው ሁለቱንም ያሽትቱ። ጨርቁ ይሸታል ክንድዎ ግን አይሸትም ከሆነ ችግሩ ቆዳዎ ሽቶውን አለመያዙ ነው። ሁለቱም የሚሸቱ ከሆነ አፍንጫዎ ለምዶት ነበር ማለት ነው። ሁለቱም ምንም ካልሸተቱ ያኔ ወይ ሽቶው አርጅቷል፣ ወይ የጠረጠሩት ነገር እውነት ነው።

አሁን ወደ ሽቶው እንግባ። «አረንጓዴ ሻይ» የሚል ስም ከተጻፈበት ብልቃጥ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ቅጠል የለም። ከቅጠሉ የሚወጣ ወፍራም ጭማቂ ለሽቶ ሥራ ይውላል፤ ጠረኑ ግን ወደ ደረቅ ሣርና ወደ ትምባሆ ያደላል፤ ጠዋት ጠዋት የሚፈለገውን ንጹሕ ስሜት አይሰጥም። ስለዚህ ቀማሚዎች ሻዩን የሚገነቡት ከሌላ ነገር ነው። ለዚህ ዘር መንገድ የከፈተው ፈረንሳዊው ዣን ክሎድ ኤሌና እ.ኤ.አ. በ1992 ቡልጋሪ ለተባለው የጣሊያን ኩባንያ የቀመመው «ኦ ፓርፉሜ ኦ ቴ ቬር» ነው። የቅመማው አጥንት ሁለት ነገር ነው፦ የጃስሚንን ቀላል፣ አየር የበዛበት ገጽታ የሚያመጣው ሄዲዮን፣ እና የቫዮሌት አበባን ጠረን የያዘው አዮኖን። ለየብቻ ሲሸተቱ አንዳቸውም ሻይ አይመስሉም። ሲገናኙ ግን አፍንጫ «ሻይ» ብሎ ያነባቸዋል። በላያቸው ሎሚና ቤርጋሞት (የሎሚ ዘመድ የሆነ ፍሬ) ይጨመራል፤ ከሥራቸው ለስላሳ ሙስክ ይነጠፋል። (ይህ ሙስክ በፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ አገራችን ከጥንት ጀምሮ ለሽቶ ሠሪዎች ስትልከው ከኖረችው ዝባድ ጋር አይገናኝም።)

እግረ መንገድ፦ እኛ «ሻይ» ስንል አፍንጫችን የሚያስበው ቅርንፉድና ቀረፋ የገባበትን ነው። አረንጓዴ ሻይ ግን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ሳይጠቁር ቶሎ በእንፋሎት ወይም በምጣድ ሙቀት የተያዘ ስለሆነ ጠረኑ ወደ ቅጠልነቱ የቀረበ ነው። «ሻይ ሻይ አይልም» ብለው ሽቶውን የሚመልሱ ገዢዎች ብዙዎቹ የሚጠብቁት የቤታቸውን ሻይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ቤታ አዮኖን የተባለውን ንጥረ ነገር በደንብ አይሸተውም፤ ልዩነቱ ከአንድ የሽታ ተቀባይ ዘረመል ጋር የተያያዘ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው ሽቶው ሎሚና ሳሙና ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጓደኛዎ የወደደችውን እርስዎ ካልወደዱት፣ ወይም በተቃራኒው ከሆነ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አልተሳሳታችሁም።

ቶሎ የሚጠፋበት ምክንያትም እዚሁ ቅመማ ውስጥ ነው ያለው። የሎሚና የቤርጋሞት ሞለኪውሎች ትንንሽ ናቸው፤ ከቆዳ ላይ ተነሥተው ለመሄድ ከአሥራ አምስት ደቂቃ እስከ ግማሽ ሰዓት ይበቃቸዋል። ከቤት ሲወጡ ደስ የሚያሰኝዎት እነሱ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሄዲዮንና ሙስክ ነው፤ ሁለቱም ረጋ ያሉ ናቸው፤ አፍንጫ ደግሞ ቶሎ ይለምዳቸዋል። ዑድ ወይም ቫኒላ የገባበት ሽቶ ቀኑን ሙሉ የሚቆየው ከባድ ሞለኪውል ስለተሸከመ ነው። አረንጓዴ ሻይ ላይ ያንን ክብደት ቢጭኑበት አረንጓዴ ሻይነቱ ይቀራል። ስለዚህ «ኢንቴንስ» የሚል የተጻፈበትን አይፈልጉ። የሚያገኙት ሌላ ሽቶ ነው።

የሚቻለው ግን ብዙ ነው፤ ትልቁም ሥራ ቆዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሩ ይደርቃል፤ ቆዳም አብሮ ይደርቃል። ደረቅ ቆዳ ላይ የተረጨ ቀላል ሽቶ የሚይዘው ነገር የለም። ከታጠቡ በኋላ ቆዳዎ ገና እርጥበት እያለው፣ ማለትም በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ሽታ የሌለው ቫዝሊን የሽምብራ ፍሬ ያህል ወስደው በሁለቱ ክንዶችዎ እጥፋትና በደረትዎ ላይ ስስ አድርገው ይቀቡ። ግሊሰሪንም ይሆናል፤ ብቻውን ግን ስለሚያጣብቅ በእኩል ውኃ ያቅጥኑት። አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀት ይርጩ። አንጓን ካንጓ ማሸት ልማድ ነው፤ ይተዉት፤ ሎሚውን በሙቀት ያቻኩለዋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። ሽታ ያለው ሎሽን የሚቀቡ ከሆነ ደግሞ ጠዋት የረጩት ሽቶ ሳይሆን ሎሽኑ ነው ቢሮ የሚገባው።

መጠኑን በተመለከተ፣ ለእርስዎ ዓይነት ቢሮ አራት ርጭት ይበቃል፦ ሁለት ከሸሚዝ ሥር ደረት ላይ፣ አንድ አንድ በክንድ እጥፋት። አንገትን ይለፉት። ከአንገት የሚነሣው ሙቀት ጠረኑን ቀጥታ ወደ ራስዎ አፍንጫ ስለሚያመጣው በሃያ ደቂቃ ይለምዱታል፤ አጠገብዎ ያለችው ግን አዲስ ሆኖ ይሸታታል። ከልብስ ሥር የተረጨው ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ቀትር ላይ አንድ ርጭት ክንድ እጥፋት ላይ ይድገሙ፤ ወንበርዎ ላይ ሆነው ሳይሆን ግቢ ወጥተው፤ ምክንያቱም በዝግ ክፍል ውስጥ የሚበተነው የመጀመሪያው የአልኮልና የሎሚ ደመና አጠገብ ያለን ሰው ሊያም ይችላል። ለዚህ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ መርጫ ቦርሳ ውስጥ መያዝ ነው። አንድ ርጭት ወደ 0.1 ሚሊ ሊትር ስለሆነ መቶ ያህል ርጭት ይወጣታል። ባለ 100 ሚሊ ሊትሩ ብልቃጥ በቀን አምስት ርጭት ሂሳብ 200 ቀን ያህል ያገለግላል። ቀላል ሽቶ ቶሎ ያልቃል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ እንደ ከባድ ሽቶ በዓመት አንድ ብልቃጥ ብለው አይገምቱ።

ጨርቅ ከቆዳ ይልቅ ጠረን ይይዛል፣ በተለይ ጥጥና ሱፍ። የሹራብ ወይም የኮት ገበር ላይ አንድ ርጭት እስከ ማታ ይቆያል። ሐርና የሚያብረቀርቅ ልብስ ግን ነጥብ ይዞ ይቀራል። ነጠላ ላይ ሲረጩ ጥለቱን ይተዉና ከጫፉ በውስጥ በኩል፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ያድርጉት፤ ቀለም ያለው ሽቶ ነጩን ጥጥ ከጊዜ ጋር ያወይበዋል። ከዚህም በላይ ልብሱ ራሱ ምን ምን እንደሚል ያሽትቱ። ኮትዎ ሽንኩርት በሚቁላላበት ቤት ውስጥ ያደረ ከሆነ ወይም የቡና ዕጣን ከጠጣ፣ የአረንጓዴ ሻይ ሽቶ ሊሸፍነው አይችልም፤ ይዋጣል። ሽቶው የጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ጋ የሚገኘው ይኸው ነው። ዲዮድራንቱም ሽታ የሌለው ቢሆን፣ ወይም ቢያንስ የሎሚ ዓይነት ቢሆን ይሻላል።

የትኛውን ልግዛ ለሚለው፣ ሦስት ልጥቀስ። የኤልዛቤት አርደን «ግሪን ቲ» እ.ኤ.አ. በ1999 በፍራንሲስ ኩርክጂያን የተቀመመ ነው። ከላይ መራራ የሎሚ ልጣጭና ናና አለው፤ ከሥር ደግሞ ቅርንፉድ ጭምር ስላለበት ለእኛ አፍንጫ በጣም እንግዳ አይሆንም። ከሦስቱ በዋጋ የሚረክሰው፣ በቆይታም የሚያንሰው እሱ ነው። በስሙ የወጡ ብዙ ወንድሞች አሉት፤ የቼሪ አበባ፣ የዩዙ፣ የሎተስ የሚባሉ። ዋናው «ግሪን ቲ» ብቻ ተብሎ የተጻፈው ነው፤ ሻጭ «ሁሉም አንድ ነው» ቢልዎት አይመኑ። በዚሁ ጠረን የተሠራ «ሃኒ ድሮፕስ» የሚባል የሰውነት ክሬም አለ። ከቫዝሊኑ ፋንታ እሱን መቀባት ሽቶው የሚቆይበትን ጊዜ ያራዝመዋል። የቡልጋሪው ከዚህ ይልቅ የረጋ ነው፤ የሎሚ ጩኸቱ አነስ ያለ፣ ሄልና ድንብላል ያለበት፣ ወንድም ሴትም የሚቀባው ነው። ገንዘቡ ካለ ለቢሮ እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ስሙ ሻይ አይልም፦ ካልቪን ክላይን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው «ሲኬ ዋን»፣ የአልቤርቶ ሞሪያስና የሃሪ ፍሬሞን ሥራ። አረንጓዴ ሻይ በመሐሉ አለ፤ ሙስኩ ስለሚበዛ ከሁለቱ ይበልጣል በቆይታ፤ ሆኖም ይበልጥ «የታጠበ ልብስ» ነው የሚሸተው።

በሚሊ ሊትር እየተለካ የሚሸጠው የዘይት ሽቶስ? አልኮል የሌለበት የሚመርጥ ሰው ዑድ፣ አበባ ወይም ሙስክ ቢገዛ ይጠቀማል። አረንጓዴ ሻይ ግን በዘይት ውስጥ ውበቱን ያጣል። ሎሚውን ከቆዳ ላይ አንሥቶ አየር ላይ የሚያበትነው አልኮሉ ነው፤ ዘይቱ አፍኖ ይይዘዋል፤ የሚቆየውም ትኩስ ያልሆነው ክፍል ነው።

ፎርጅድን ለመለየት ማሸጊያው ብቻውን አይበቃም፤ ሆኖም ከዚያ ይጀምሩ፦ ከካርቶኑ ሥር ያለው የምርት ቁጥርና ከብልቃጡ ሥር ያለው አንድ መሆን አለባቸው። መርጫው እንደ ጉም የደቀቀ ነገር ያወጣል እንጂ እንደ ውኃ አይተፋም። ከዚያ ወረቀት ላይ ይርጩ። አልኮሉ በአሥር ሰከንድ ውስጥ ይሄድና የልጣጩ መራራነት ይመጣል። የወለል ሳሙና የሚመስል ጣፋጭ ሎሚ ብቻ ከመጣና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ወረቀቱ ባዶ ከሆነ ጥርጣሬዎ ልክ ነው። ትክክለኛው ወረቀት ላይ ስድስት ሰዓት ቆይቶም ለስላሳ ሙስክ ይተዋል። ያረጀ ሽቶ ሌላ መልክ አለው። የሱቅ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ብልቃጥ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ ሲረጭ መጀመሪያ የሚመጣው አኳራጅ የሚመስል ሽታ ነው። ያ የተበላሸ ሎሚ ነው። ሽታው ብቻ አይደለም ችግሩ፤ አየር የበላው የሎሚ ዘይት ቆዳን ያሳክካል። እርስዎም ቤት ሲያስቀምጡ ከነካርቶኑ መሳቢያ ውስጥ ያድርጉት፤ መታጠቢያ ቤትና መኪና ውስጥ አይሆንም።

ራሴ ልሥራው ወዳሉት ልምጣ። ሻይ ቅጠል በአልኮል ቢዘፈዝፉ የሚያገኙት ቡናማ ፈሳሽ ነው። ከቅጠሉ የሚወጣው በዋናነት ቀለምና ታኒን (ሻይን የሚያመርረው ንጥረ ነገር) ነው፤ ሸሚዝ ላይ የማይለቅ እድፍ ይተዋል፤ ጠረኑ አልኮሉ እንደ በነነ አብሮ ይሄዳል። የእጅ ማጽጃው ባለ 70 በመቶ አልኮልም አይሆንም፤ የቀረው ውኃ ስለሆነ ዘይቶቹን ያደፈርሳቸዋል። ምንነቱ ያልታወቀ፣ በጀሪካን የሚሸጥ አልኮል ደግሞ ከነጭራሹ አይንኩ። ሜታኖል ካለበት በቆዳም በትንፋሽም ይገባል፤ መርዝ ነው።

ንጥረ ነገሮቹን ከውጭ ማስመጣት የሚችል ወይም ውጭ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ግን ሊሞክረው የሚገባ ቀላል ቅመማ ይኸውና። አጠቃላይ 30 ግራም የሚወጣው ሲሆን ጠረኑ 10 በመቶ ነው፦

ሄዲዮን 1.20 ግራም
ቤርጋሞት፣ ቤርጋፕቴን (በፀሐይ ቆዳን የሚያስቃጥለው ንጥረ ነገር) የወጣለት 0.60
ኤቲሊን ብራሲሌት (ሙስኩ) 0.50
የሎሚ ዘይት 0.20
ሊናሎል (የአበባ ጠረን) 0.15
አይሶ ኢ ሱፐር (የእንጨት ጠረን) 0.15
ቤታ አዮኖን 0.10
ሲስ ሦስት ሄክሰኖል፣ በአልኮል ወደ 10 በመቶ የቀጠነ 0.10
ባለ 96 በመቶ ንጹሕ ኤታኖል 25 ግራም
የተጣራ (ዲስቲልድ) ውኃ 2 ግራም

በጠብታ አይለኩ። የአንዱ ፈሳሽ ጠብታ ከሌላው እጥፍ ሊከብድ ይችላል። እስከ 0.01 ግራም የምታነብ ትንሽ ሚዛን የግድ ናት። ጠረኖቹን መጀመሪያ ለብቻቸው በመስታወት ብልቃጥ ቀላቅለው ሦስት ቀን ያሳድሩ፤ ከዚያ አልኮሉን፣ በመጨረሻ ውኃውን ጠብ ጠብ እያደረጉ ይጨምሩ። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆይ። ከደፈረሰ አንድ ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው በቡና ማጣሪያ ወረቀት ያጥሉት።

ሄክሰኖሉን ለብቻው ቢያሸቱት ወዲያው ያውቁታል፤ ለበዓል የተጎዘጎዘ ቄጤማ ሲረገጥ የሚወጣው ጠረን ነው። ቅጠልነቱን የሚሰጠው እሱ ነው፤ ከተጻፈው ሁለት እጥፍ ቢገባ ግን ሽቶው ሁሉ የታጨደ ሣር ይሆናል። አዮኖን ሲበዛ ወደ ፓውደርና ከረሜላ ያዘነብላል። «ቶሎ ጠፋብኝ» ብሎ ሎሚ መጨመር የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ ሎሚ ሲጨመር ሳሙና ይመጣል እንጂ ቆይታ አይመጣም፤ የሚጨመረው ሙስኩ ነው፣ እሱም እስከ 0.80 ግራም ድረስ፣ ከአልኮሉ ላይ ቀንሶ።

ቤርጋሞቱ ላይ ግን አይቀልዱ። ቤርጋፕቴን ያልወጣለት፣ በመጭመቅ ብቻ የተሠራው ዘይት ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፤ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ዓለም አቀፉ የሽቶ ደንብ ለቆዳ የሚፈቅደው እስከ 0.4 በመቶ ነው፤ በ30 ግራም ውስጥ 0.12 ግራም ማለት ነው። እዚህ የጻፍነው 0.60 የዚያ አምስት እጥፍ ስለሆነ፣ የወጣለት መሆኑ ብልቃጡ ላይ ካልተጻፈ አይጠቀሙ። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ናት። የተሠራውንም ሽቶ መጀመሪያ ክንድ እጥፋት ላይ በትንሹ ሞክረው ሁለት ቀን ይጠብቁ።

አንድ የቀረ ነገር ባልደረባዎ ናቸው። «ቀላል» ማለት ራስ አያምም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱን ሰው የሚያመው የሽቶው ኃይል ሳይሆን ከውስጡ ያለ አንድ ነገር ነው፣ ሎሚው ወይም ሙስኩ። አዲስ ብልቃጥ ከመግዛትዎ በፊት ሱቅ ውስጥ ሁለት ወረቀት ላይ አስረጭተው ለየብቻ ፖስታ ውስጥ ይያዙላቸው። አንዱን ወዲያው፣ ሌላውን ከሥራ መውጫ ላይ ያሽትቷቸው። የመጀመሪያው ካወካቸው ጠዋት ቤትዎ ረጭተው ግማሽ ሰዓት ቆይቶ መውጣት ይፈታዋል። የማታው ካወካቸው ግን ሙስኩ ነውና ያንን ሽቶ ለቅዳሜና እሑድ ያቆዩት።